ውሮ አይጥ መያዝ ለምን ተወች?



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ድመት ነው፤ ያውም ስለ ጥርሷ። «የሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ባቃተበት ዘመን የድመት ጥርስ!» ብሎ የሚስቅብን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አንፈርድበትም። እኛም በመጀመሪያ ነገሩን ስንሰማ ስቀናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በክረምቱ መውጫ ላይ ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ለዘመድ ጥየቃ ሄደን ነበር። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ከምድጃው አጠገብ አንዲት ቡራቡሬ ድመት ተኮራምታለች። የጀርባዋ ፀጉር እየተቋጠረ ተጣብቋል፤ ድመት ራሷን ስታጥብ ውላ የምታድር ፍጥረት መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ይህ ደግ ምልክት አልነበረም። የቤቱ እናት ወደ ጓዳ ወስደው የጤፉን ጆንያ አሳዩን። ከታች በኩል ተበስቶ እህሉ ወለሉ ላይ ፈስሷል። አይጥ ነው።

«ልጆቼ፣ ይህቺ ድመት ሰባት ዓመት አብራን ኖራለች» አሉን። «በፊት ሌሊቱን አድና ጧት ደጃፌ ላይ ሁለት ሦስት አይጥ ትደረድርልኝ ነበር። አሁን ጠግባ ሰነፈች። እሁድ ልጁ በጆንያ አድርጎ ወንዝ ማዶ ይጥላታል። ሌላ ግልገል እናመጣለን።»

«እማማ፣ ምንድን ነው የምትበላው?» ስንል ጠየቅናቸው።

«እኛ የምንበላውን ነዋ! እንጀራ በወጥ፣ ሲገኝም ወተት። ማክሰኞና ቅዳሜ ደግሞ ሳንባ ይገዛላታል። ከብዙ ሰው ልጅ የተሻለ ትበላለች።»

በዕለቱ የተረፈ ሳንባ ነበርና ቆርሰው ጣሉላት። ድመቷ ብድግ ብላ መጣች፤ አሸተተችው፤ ጎረሰችው። ወዲያው ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አጋድላ ሁለት ጊዜ አላመጠችና መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያም ምግቡን እንደ ጠላት «ሽሽ» ብላበት ወደ ኋላ ሸሸች። የቤቱ ትንሿ ልጅ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ትሆናለች፣ «አልጠገበችም እኮ። ምግቡን ትፈራዋለች» አለች።

ትልልቆቹ ሁላችን ዝም አልን። ልጅቱ ያየችውን እኛ አላየነውም ነበር።

በማግስቱ ድመቷን በካርቶን አድርገን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ መጀመሪያ አፏን ሊከፍት አልሞከረም። መቼ መብላት እንደቀነሰች፣ ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ነክሷት እንደሆነ፣ ክትባት ወስዳ እንደሆነ ጠየቀን። የዚህን ጥያቄ ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ በኋላ ነው በቀስታ የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ ያደረገው። የኋለኞቹ ጥርሶች ቡናማ ድንጋይ ለብሰዋል። ድዱ ቀልቷል፤ በጣት ጫፍ ሲነኩት ይደማል። አንዱ ጥርስ ይነቃነቃል። ሽታውን መግለጽ አያስፈልግም። ሐኪሙ እንዳስረዳን ይህች ድመት አይጥ መያዝ የተወችው በስንፍና አልነበረም። አይጥ የሚገደለው በጥርስ ነው፤ ጥርሷ ደግሞ ሲነካ ያማታል።

እኛም ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ማጥናት ጀመርን። ያገኘነውንም እነሆ እንላችኋለን።

ይህ አፍ ለምን ተፈጠረ?

ትልቅ ድመት 30 ጥርስ አላት፤ ከላይ 16፣ ከታች 14። ግልገሏ 26 የወተት ጥርስ ይዛ ታድግና በግምት ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜዋ ውስጥ ትቀይራቸዋለች። በዚያን ጊዜ ምንጣፍ ላይ የምታገኟት ሩዝ የምታህል ጥርስ የበሽታ ምልክት አይደለችም።

የሰው መንጋጋ ጥርስ አናቱ ሰፊ ነው፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ግራና ቀኝ እየሄደ እህል ይፈጫል። የድመት ግን ሌላ ነው። አራቱ ረጃጅም ክራንቻዎች ይይዛሉ፣ ይገድላሉም። የኋለኞቹ እንደ መቀስ አንዱ በሌላው ጎን እያለፉ ሥጋ ይቆርጣሉ። መንጋጋዋ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚሠራው፤ ግራና ቀኝ ሄዶ መፍጨት አይችልም። ምራቋም ቢሆን እንደ እኛ ምራቅ እህልን መፍጨት የሚጀምር ኢንዛይም የለውም። ጣፋጭ ነገርንም አትቀምስም፤ ጣፋጭን ለመለየት የሚያስፈልጋት ዘረመል የተበላሸ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። ድመታችሁ ኬክ ላይ ብትወጣ የፈለገችው ቅቤውን ነው እንጂ ስኳሩን አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ይህ አፍ የተፈጠረው አንድን ትንሽ እንስሳ ከነቆዳው፣ ከነአጥንቱ፣ ከነጅማቱ ለመብላት መሆኑን ነው። አይጥ ስትበላ ቆዳውና ጅማቱ ጥርሷን ይፈትጋል፤ አጥንቱ ካልሲየም ይሰጣታል፤ ሥጋውና ልቡ ሌላውን ያሟላል። ይህንን አፍ ነው እኛ በሽሮ የነከርን እንጀራ የምንሰጠው።

የሰው ጥርስ እንደሚበሳው የድመት ጥርስ በስኳር አይበሳም፤ እንዲያ ዓይነቱ ሕመም በድመት ላይ እጅግ ብርቅ ነው። የእሷ ሕመም የሚጀምረው ከድድ ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ ባክቴሪያ በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ ስስና የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራል። ካልተፈተገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምራቅ በሚገኝ ማዕድን ይደነድናል። ሐኪሞች ታርታር የሚሉት ይህንን ነው። ድዱ ይቆጣል፣ ከጥርሱ ይላቀቃል፤ በክፍተቱ ባክቴሪያ ገብቶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይሸረሽራል። ጥርስ የሚነቃነቀው ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞና ቅዳሜ ሳንባ

የአዲስ አበባ ሰው ለድመት ሳንባ መግዛቱ የቆየ ልማድ ነው። ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ድመቷም ትወደዋለች። እኛም ልማዱን ልናጣጥል አልተነሣንም፤ ሳንባ ሥጋ ነው፤ ከእንጀራ ደግሞ በብዙ ይሻላል። ችግሩ ሳንባ ብቻውን ሲሆን ነው።

አጥንት የሌለበት ሥጋ፣ ቀዩም ሥጋ ሆነ ሳንባው፣ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የእንስሳው አካል ግን ሁለቱን ተቀራራቢ መጠን አድርጎ ይፈልጋል። በምግብ ያልመጣውን ካልሲየም አካሉ ከየት ያምጣው? ከራሱ አጥንት ይበደራል። በአንገት ላይ ያሉ ትናንሽ እጢዎች ትእዛዝ ሰጥተው ካልሲየሙን ከአጥንቱ ያስወጣሉ፤ ጥርሱን አቅፎ ከያዘው ከመንጋጋ አጥንት ጭምር። በሽታው ብሶ የሚታየው በግልገሎች ላይ ነው። ሥጋ ብቻ ተቀልባ ያደገች ግልገል ከወንበር ዘልላ እግሯ ሊሰበር ይችላል። ባለቤቶቿም «ሥጋ እየበላች እንዴት አጥንቷ ደከመ?» ብለው ይገረማሉ። የደከመው ሥጋ ብቻ ስለበላች ነው።

ጉበትም እንደዚሁ ልክ አለው። ድመት ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ ማውጣት ስለማትችል ጥቂት ጉበት ይጠቅማታል። በየቀኑ ጉበት ብቻ ስትበላ ግን ቫይታሚኑ ይከማችና የአንገቷ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። አንገቷን ማዞር ሲያቅታት ራሷን ማጥብም ያቅታታል።

ስለ ወጡ ከተነሣ፣ ይህንን እናቶች በደንብ እንዲያነቡልን እንፈልጋለን። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አንድ ጊዜ የላሰችው ወጥ ላይገድላት ይችላል። በየቀኑ በወጥ የራሰ እንጀራ የምትበላ ድመት ግን ሳናውቀው ደሟን እያሳነስንባት ነው፤ ድዷ ነጣ ብሎ ስታዩት ልብ በሉ። በረመዳን ከኢፍጧር የተረፈውን ሳምቡሳ ልጆች እያዘኑ ይሰጧታል። የሳምቡሳ ልብ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ወተትም ቢሆን፣ ሰው ሁሉ የድመት ምግብ ነው ብሎ ያምናል እንጂ፣ ብዙዎቹ ትልልቅ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ሆዳቸው ይቀጥናል። ንጹሕ ውኃ ይበቃታል።

እንጀራው ራሱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ለጥርሷ ሥራ አይሰጣትም፤ ለአካሏም የሚያስፈልጋትን አይሰጣትም። ለምሳሌ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ድመት ራሷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት ግዴታዋ ነው። ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል። ልቧንም እንደሚያሰፋና እንደሚያደክም እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ታውቋል፤ ከዚያ በኋላ የድመት ምግብ ፋብሪካዎች በምግቡ ውስጥ ያለውን የታውሪን መጠን ከፍ አደረጉ። በጤፍ፣ በስንዴና በሽምብራ ውስጥ የድመትን ፍላጎት የሚያሟላ ታውሪን የለም። በልብ ሥጋ ውስጥ ግን በብዛት አለ፤ ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁንም አብሮ መስጠት ነው።

ጠንካራ ምግብ ጥርስ ያጸዳል?

ይህንን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ከውጭ የመጣ ደረቅ የድመት ምግብ ጥርስ ያጸዳል የሚል ወሬ አለ። እውነታው መካከለኛ ነው። ተራው ደረቅ ምግብ ድመቷ ጫፉን ስትነክሰው ወዲያው ስለሚሰባበር ጥርሱን ብዙ አይፈትገውም። ለጥርስ ተብሎ የሚዘጋጅ ሌላ ዓይነት አለ፤ ፍሬው ትልቅ ነው፤ ጥርሱ ዘልቆ ከገባበት በኋላ ነው የሚሰበረው። እሱ ታርታርን ይቀንሳል። ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን ቤት አይሆንም፤ ስለዚህ ብዙ አንዘግይበት።

ይልቅ አንድ የሚገርም ጥናት እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በቤት የሚቀለቡ ድመቶችን፣ በዱር አድነው ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የቤቶቹ ጥርስ ላይ ታርታሩ በዝቶ ተገኘ። እስካሁን የጠበቅነው ነው። የድድና የአጥንት ሕመሙ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየበትም። እንግዲህ አይጥ መብላት ብቻውን ከድድ ሕመም አያድንም ማለት ነው። ዕድሜ፣ ትውልድና የአፍ ቫይረሶችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከሥሩ እየተበላ የሚያልቅ የጥርስ ሕመምም አለ፤ በድመቶች ላይ የተለመደ ሲሆን ምክንያቱ በሊቃውንቱ ዘንድ ገና አከራካሪ ነው። ይህንን የምንጽፈው «ሳንባ አቁሙ፣ ጥርሷ ይድናል» ብለን እንዳናታልላችሁ ነው። ምግብ ብዙ ይለውጣል፤ ሁሉንም ግን አይለውጥም።

ታዲያ በኮልፌ ቤት ምን ይቻላል? ከሐኪሙ ጋር ተመካክረን ለእማማ ያቀረብነው ይህ ነበር። ሳንባው ይቀጥል፤ ነገር ግን ከሥጋ ቤት ሲገዛ ልብና ትንሽ ጉበት ይቀላቀልበት፤ ቅመምና ሽንኩርት ሳይነካው በውኃ ቀቀል ይደረግ። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ልሞ፣ ለአንድ ኪሎ አጥንት የለሽ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይነስነስበት። የበሰለ አጥንት በፍጹም አይሰጣት፤ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ጉሮሮ ይወጋል። ጥሬ አጥንት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጥሬ ሥጋ ግን ለሰውም የሚተርፉ ጀርሞች ስላሉት እኛ በተለይ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት አንመክርም። ነፍሰ ጡር እናት የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው እንዲጠርግላት ታድርግ።

ለዐረፋ በቤቱ የሚያርድ ወንድም ደግሞ በዚህ አጋጣሚ ይስማን። በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካየ ለውሻ አይጣል፤ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ተመልሶ የሚገባው የልጆቻችን አፍ ውስጥ ነው። ከጥርስ ወጣን፤ ግን ሳንነግራችሁ ማለፍ አልቻልንም።

ጥርስ ማጽዳትን በተመለከተ፣ ግልገል ሆና ከተጀመረ ብዙ ድመቶች ይለምዱታል። በጣት ላይ የተጠቀለለ ንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ የውጭውን ጎን ብቻ፣ ቀስ ተብሎ ለጥቂት ሰከንድ። በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል፤ ሽፋኑ በጥቂት ቀን ይደነድናላ። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ እሷ መትፋት አታውቅም፣ ትውጠዋለች። አፏ አስቀድሞ ለታመመ ድመት ግን ይህ ሁሉ ማሠቃየት ነው፤ መጀመሪያ መታከም አለባት።

አፏን ከመክፈታችሁ በፊት

ሐኪሙ ለምን ስለ ንክሻ እንደጠየቀን አሁን እንናገር። ድመት ለሃጭ ስታዝረበርብና መብላት ሲያቅታት ጥርስ ብቻ አይደለም የሚጠረጠረው። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ያደርጋል። በአገራችን ይህ በሽታ አለ፤ በአብዛኛው በውሻ ይተላለፋል፤ ድመትም ከውሻ ታገኘዋለች። ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም ድምፅዋ የተቀየረ ድመት አፍ ውስጥ «አጥንት ተሰክቶባት ይሆናል» ብሎ እጁን የሚከት ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። ልጆች በተለይ ይህንን ይወቁ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል፤ ለድመቷም ክትባት አለ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ ፓራሲታሞል ነው። ድመቷ ስታቃስት አዝነን ከራሳችን መድኃኒት ቆርሰን ልንሰጣት እንችላለን። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ ፍሬ ልትገድላት ትበቃለች።

የጥርስ ሕመም የሚታወቅባቸው ምልክቶች በእማማ ቤት ያየናቸው ናቸው፤ አጋድሎ ማላመጥ፣ የጎረሱትን መጣል፣ ወደ ምግብ መጥቶ መሸሽ፣ አፍን በእጅ መፈተግ፣ ሽታ፣ የተጣበቀ ፀጉር። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ጨርሳ መብላት እስክትተው የምንጠብቅ ከሆነ ዘግይተናል።

የእሁዱ ጉዳይ

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። ሐኪሙ ድመቷን በማደንዘዣ አስተኝቶ ታርታሩን ማንሣትና ሁለት ጥርስ መንቀል እንደሚያስፈልግ ነገረን። ሒሳቡ ቀላል አልነበረም። ለእማማ ስንነግራቸው «በዚህ ብርማ ስንት ኪሎ ሥጋ ይገዛል!» አሉ። ታላቅ ልጃቸው ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት መግዣ ያጡ ሰዎች እያሉ ለድመት ጥርስ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ ሲል ሞገተን። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እኛም ቀላል መልስ አልነበረንም። ለቤተሰቡ ጉሮሮ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለድመት ያውጣ አንልም።

ያን ምሽት ግን ንግግሩ ሁላችንም ከልጅነታችን ወደምናውቀው ሐዲስ ዞረ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመትን ዘግታ ስላስራበች ሴት ነግረውናል፤ ሴትየዋ በዚያች ድመት ምክንያት ተቀጣች። ብዙዎቻችን ሐዲሱን የምናስታውሰው ሴትየዋ ድመቷን አላበላቻትም በሚለው ነው። እዚያው ላይ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ሴትየዋ ራሷ ከምድር ነፍሳት አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ሁለት መንገድ ነበራት፤ ሁለቱንም ዘጋችባት።

ታዲያ አፏ የታመመባትን ድመት ወንዝ ማዶ ብንጥላትስ? ልጁ «እዚያ አይጥ ሞልቷል፣ ራሷን ትችላለች» ብሎ ነበር ያሰበው። በክፋት አልነበረም። ነገር ግን በእኛ እጅ የቀረበላትን ሳንባ ማላመጥ ያቃታት ድመት ሮጦ የሚያመልጥ አይጥ በምን ትይዛለች? የሚያበላት የለም፤ አድና መብላት አትችልም። ማሰሪያው ገመድ ባይሆንም ያው ነው። ፍርዱን ለዑለማእ እንተዋለን፤ እኛ ግን ከዚህ በኋላ ጆንያውን መያዝ ከበደን።

ልጁም ዝም ብሎ ቆየና ግማሹን እኔ እችላለሁ አለ። የቀረውን ከእኛ መካከል አዋጣን።

ሕክምናው ማለዳ ተደርጎ ማታ ወደ ቤት መለስናት። እየተንገዳገደች ነበር። ለስለስ ያለ ልብ በመረቅ ቀረበላት፤ አልነካችውም። በሁለተኛው ቀን ላሰችው። በአምስተኛው ቀን ጨርሳ በልታ ሳሕኑን ስትገፋው አደረች ብለው እማማ ደወሉልን። ጥርስ የተነቀለላት ድመት በደንብ መብላት እንደምትችል ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ የሚያማት ጥርስ ከሚኖራት ባይኖራት ይሻላታል።

አይጡስ? ለአንባቢ መዋሸት አንፈልግም። ለሁለት ወር ያህል ምንም አልያዘችም። እማማ የጤፉን ጆንያ ወደ በርሜል ገለበጡት፤ ክዳኑንም በድንጋይ ጫኑት። የአይጥ መርዝ ለማስቀመጥ አስበው ነበር፤ መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም እንደሚገድል ስንነግራቸው ተዉት። በሦስተኛው ወር አንድ ጧት ለሱብሒ ሲነሡ ደጃፉ ላይ አንድ አይጥ ተጋድሟል፤ ትንሽ ነው፣ ግን አይጥ ነው። ፀጉሯም አሁን አምሯል፤ ራሷን ስታጥብ ትውላለች።

በቅርቡ ለጥየቃ ስንሄድ ትንሿ ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የእንቁላል ቅርፊት ስትወቅጥ አገኘናት። በደንብ ልሟል። እማማ ከጓዳ ሆነው ይቆጣሉ፤ «ይህቺ ልጅ ዛሬም የቡና ሙቀጫዬን ወስዳዋለች! ከትናንት ወዲያ እንግዳ መጥቶ ቡናው እንቁላል እንቁላል አለብኝ!» ድመቷ ከሙቀጫው አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች።